በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስቸግሩ ተማሪዎችና የሥነ ምግባር እርምጃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ መምህራንና ርእሳነ መምህራን፣ እንዲሁም ወላጆች፣ ስለ ክፍል ሥርዓት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ረባሽ የሚባለው ምን ዓይነት ተማሪ ነው?

ረብሻ ማለት የሌሎችን ተማሪዎች ትምህርት ወይም የመምህሩን ሥራ በተደጋጋሚ የሚያስተጓጉል ድርጊት ነው። ለጎረቤቱ አንድ ጊዜ ያንሾካሾከ፣ እስክሪብቶ የተዋሰ፣ ወይም ትምህርቱ ስላልገባው ጥያቄ ያበዛ ተማሪ ረባሽ አይባልም። ትምህርት ቤቶች በመተዳደሪያ ደንባቸው ጥፋቶችን ብዙውን ጊዜ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብለው የሚከፍሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማርፈድና የቤት ሥራ አለመሥራት ከድብድብ ወይም ስለት ይዞ ከመምጣት ጋር በአንድ ሚዛን ሊዳኙ አይችሉም።

መምህር በሌለበት ሰዓት የክፍል አለቃ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው የረባሾች ስም ዝርዝር ለቅጣት ማስረጃ ሊሆን አይገባውም። ዝርዝሩ የአለቃውን ወዳጅነትና ቂም ይዞ እንደሚመጣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህም በላይ ስሙ በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ የሚወጣ ልጅ በመምህራኑም በጓደኞቹም ዘንድ ረባሽ ሆኖ ይቀራል፤ መልካም በሠራበት ቀን እንኳ የሚያስተውልለት ሰው አያገኝም።

ረብሻ ከመነሣቱ በፊት መምህሩ ምን ማድረግ ይችላል?

ብዙው ሥራ የሚሠራው በመስከረም ነው። የዓመቱን የመጀመሪያ ሳምንታት የተማሪዎቹን ስም ለማወቅ፣ አቀማመጣቸውን ለመወሰንና ከእነርሱ ጋር ተነጋግሮ አራት ወይም አምስት የክፍል ሕጎችን ለማውጣት የተጠቀመባቸው መምህር ዓመቱን ሙሉ ይቀለዋል። ሕጎቹ ጥቂት፣ ግልጽና ለሁሉም እኩል የሚሠሩ መሆን አለባቸው። ለጎበዝ ተማሪ የሚታለፈው ጥፋት ሰነፉን የሚያስቀጣው ከሆነ ተማሪዎች ይህን ለመለየት ጊዜ አይፈጅባቸውም፤ ከዚያ በኋላ ሕጉን ከልቡ የሚያከብር አይኖርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ባዶ ጊዜን መቀነስ ነው። በአገራችን ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው መምህራን ስለሚቀያየሩ፣ አንዱ መምህር ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ያለው ጊዜ ለጩኸትና ለድብድብ የተመቸ ነው። በደወል ሰዓት የሚገባ፣ እንደገባም ሰሌዳው ላይ አጭር ጥያቄ ጽፎ ተማሪዎቹን ወደ ደብተራቸው የሚመልስ መምህር የዚህን ጊዜ ጣጣ ከሥሩ ይቆርጠዋል። ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ማስታወሻ ሲያስገለብጥ የሚያሳልፍ መምህር ግን የረብሻው አንዱ ምክንያት ራሱ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።

በትምህርት መካከል ተማሪ ሲረብሽ ወዲያውኑ ምን ይደረግ?

ከትንሹ እርምጃ መጀመር ይገባል። ማስተማሩን ሳያቋርጡ ወደ ተማሪው መቀመጫ መጠጋት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት፣ ስሙን ጠርቶ ከትምህርቱ አንድ ነገር መጠየቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃም ድምፅን ዝቅ አድርጎ ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ በአጭሩ መንገር ነው። «ዝም በል!» ከማለት «ደብተርህን ክፈትና ሦስተኛውን ጥያቄ ሥራ» ማለት ይሻላል፤ ተማሪው የሚፈጽመው ነገር ያገኛልና። አሁንም ካልታረመ ቦታ ማዛወር፣ ከዚያም «ከደወል በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ትምህርቱን መቀጠል ተገቢ ነው።

እጅግ መጠንቀቅ የሚገባው በክፍሉ ፊት እልህ ከመጋባት ነው። የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት ከሚዋረድ ማንኛውንም ቅጣት ይመርጣል፤ ስለዚህ «ውጣ»፣ «አልወጣም» የሚል ክርክር አንዴ ከተጀመረ መምህሩ ቢያሸንፍም ይከስራል። ከደወል በኋላ በሚደረገው ንግግር ደግሞ ተማሪው አስቀድሞ ይናገር፤ የሆነውን በራሱ አንደበት ሲገልጽ ጥፋቱን ያመነ ልጅ በግዳጅ ይቅርታ ከጠየቀው ይልቅ የመታረም ዕድሉ ሰፊ ነው።

መምህር ተማሪን መምታት ይችላል?

አይችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት፣ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥርዓት የሕፃኑን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መንገድ እንዲከበር ያዛል። አርጩሜ፣ ማስመሪያ፣ የጎማ ቱቦ፣ ኩርኩም፣ ጥፊና ጆሮ መቆንጠጥ ሁሉም በዚህ ክልከላ ሥር ይወድቃሉ።

የወንጀል ሕጉን እያነሡ የሚከራከሩ መምህራን አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በኃላፊነት የያዘውን ልጅ የሚበድል ወይም የሚደበድብ ሰው እንደሚቀጣ ከደነገገ በኋላ፣ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ጋር በተጣጣመ መንገድ የሚደረግ ተግሣጽን ከዚህ ውጭ ያደርገዋል። ይህ ለመምህር መጠለያ ሊሆን አይችልም። ተግሣጹ ከሕግ ጋር መጣጣም አለበት ተብሏል፤ የሕጎች ሁሉ የበላይ የሆነው ሕገ መንግሥት ደግሞ ትምህርት ቤትን በስም ጠርቶ አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል።

ክልከላው ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ አርጩሜ ከብዙ ክፍሎች አልወጣም፤ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ብሂልም እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ይሰማል። ቅጣትና ዱላ ግን አንድ አይደሉም። ዱላ ጸጥታ የሚያመጣው መምህሩ በክፍል እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ መምህሩ ሲወጣ ጸጥታውም አብሮት ይወጣል። የሚመታ መምህር ባለበት ክፍል ሳይገባው ቀርቶ እጁን የሚያወጣ ተማሪ እየጠፋ ይሄዳል፤ በጥፊ የተመታ ጆሮ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል፤ መመታትን የፈራ ልጅም ከትምህርት ቤት መቅረት ይጀምራል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ለዱላ ጥብቅና ሊቆም አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ማንበርከክ፣ ፀሐይ ላይ ማቆምና ሽንት ቤት ማጽዳትስ ይፈቀዳሉ?

በጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ እጅን ወደ ላይ አስነሥቶ ለረጅም ጊዜ ማቆምና ፀሐይ ላይ ማዋል አካልን የሚያሳምሙ ቅጣቶች ስለሆኑ ከምት አይለዩም። በሰልፍ ላይ ስም ጠርቶ መሳደብና ማሳቅ ደግሞ አካልን ባይነካም ክብርን ይነካል። ጥፋትን የሚክስ ሥራ ግን የተለየ ነው፤ ወንበር የሰበረ ተማሪ ሲጠገን እንዲያግዝ፣ ግድግዳ ላይ የጻፈ እንዲያጠፋ ማድረግ ሥራውና ጥፋቱ ስለሚገናኙ ያስተምራል። ላረፈደ ተማሪ ሽንት ቤት ማስጠረግ ከጥፋቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ለጤናውም አስጊ ነው።

ከፈተና ውጤት ላይ ነጥብ መቀነስ ይቻላል?

አይገባም። የሒሳብ ውጤት ተማሪው ሒሳብ ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚያሳይ ነው፤ ጠባይ በካርዱ ላይ የራሱ ቦታ አለው። ኩረጃ ግን የምዘናው አካል ስለሆነ በፈተና ደንብ ይዳኛል።

በአንድ ክፍል 70 ተማሪ ሲኖር ይህ ሁሉ እንዴት ይሠራል?

የትምህርት ሚኒስቴር መለኪያ በአንድ ክፍል ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። ከዚያ በላይ በሆነ ክፍል መምህሩን ብቻ ተወቃሽ ማድረግ ፍትሕ አይደለም፤ ርእሰ መምህሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም የሚጠየቁበት ጉዳይ ነው። ቢሆንም ብዛት ያለበት ክፍል የበለጠ ሥርዓት ይፈልጋል እንጂ የበለጠ ዱላ አይፈልግም። ቋሚ መቀመጫ መመደብ፣ ተማሪዎችን በአነስተኛ ቡድን አደራጅቶ ደብተር የማሰባሰቡንና የቤት ሥራ የመቆጣጠሩን ሥራ በተራ መስጠት፣ በወንበሮች መካከል መምህሩ የሚያልፍበት መንገድ መተውና እጅን በማንሣት ጸጥታ የመጠየቅ ልማድን ማስለመድ ወጪ የማይጠይቁ ዘዴዎች ናቸው። በጣም የሚያስቸግረውን ልጅ ኋላ ወንበር ላይ መጣል ግን በዚህ ክፍል ውስጥ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ከመምህሩ ዓይን ርቆ የተቀመጠ ልጅ ከትምህርቱም ርቆ ይቀራል።

«ወላጅ አምጣ» ማለት ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው?

ወላጅን ማነጋገር ከሁሉም የተሻለ መሣሪያ ሆኖ ሳለ በአጠቃቀሙ እጅግ የተበላሸ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው «ወላጅህን ሳታመጣ እንዳትገባ» ተብሎ ከበር ይመለሳል፤ ለወላጁ መንገር የፈራ ልጅ ደብተሩን ይዞ ከቤት ይወጣና ቀኑን ሌላ ቦታ ያሳልፋል፤ አንዳንዱም መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ለምኖ ወይም ገንዘብ ከፍሎ አጎት አስመስሎ ያቀርባል። ትምህርት ቤቱ ወላጅ አነጋገርኩ ይላል፤ ወላጁ ግን ምንም አያውቅም። መልእክቱን ለተማሪው ብቻ አደራ መስጠት የዚህ ሁሉ መነሻ ነው።

ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስልክ ቁጥር መመዝገብና በየሴሚስተሩ ማደስ፣ ጥሪውንም ትምህርት ቤቱ ራሱ በስልክ ማድረስ ይኖርበታል። ወላጁ እስኪመጣ ተማሪው ከትምህርቱ ሊቀር አይገባም። በቀን ሥራ ለሚተዳደር ሰው ግማሽ ቀን መጥፋት የዕለት ገቢ ማጣት ነው፤ እንደዚህ ያለውን ወላጅ ጠዋት ከሥራ በፊት ወይም በስልክ ማነጋገር ቀላል ነገር ሲሆን የሚታሰበው ግን ከስንት አንድ ነው። ቤተሰቡን ገጠር ትቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ወይም በሰው ቤት እየሠራ የሚማር ልጅም አለ፤ ለእነዚህ ወላጅ አምጣ ማለት ትምህርትህን ተው ከማለት ብዙም አይርቅም። እንዲህ ሲሆን ዘመድ፣ አከራይ ወይም ልጁ የሚያከብረው የሰፈር ሽማግሌ ቢጠራ ይሻላል።

ወላጁ ሲመጣ ንግግሩ በልጁ መልካም ነገር ቢጀመር ይመረጣል። «ልጅዎ አስቸገረን» ብሎ ከመጀመር «ልጅዎ ሒሳብ ላይ ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ባሉት ክፍለ ጊዜያት ግን እየተጣላ ተቸግረናል፤ እቤት ምን ያስተውላሉ?» ማለት ወላጁን ከተከሳሽነት አውጥቶ አጋዥ ያደርገዋል። በስተመጨረሻም ትምህርት ቤቱና ቤተሰቡ ምን ምን እንደሚያደርጉ፣ መቼ እንደገና እንደሚገናኙ በጽሑፍ ይያዝ።

ወላጁ ራሱ «ምታልኝ» ቢልስ?

የወላጅ ፈቃድ የሕገ መንግሥትን ክልከላ አያነሣም። መብቱ የልጁ እንጂ የወላጁ ስላልሆነ ወላጁ አሳልፎ ሊሰጠው አይችልም። እንዲህ የሚል ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ጨካኝ ሳይሆን የቸገረው ሰው ነው፤ መምህሩ «እኔ አልመታውም፤ እርስዎም ስለዚህ ጉዳይ እቤት እንዳይመቱት እለምናለሁ፤ ይልቁንስ ማታ ማታ ደብተሩን ይመልከቱልኝ» ብሎ የሚያያዝበት ሥራ ቢሰጠው ይቀበላል። ልጁን እዚያው ቢሮ ውስጥ በጥፊ ሊመታ የሚነሣ ወላጅም ካለ መምህሩ መሐል መግባት ግዴታው ነው።

የሚረብሸው ተማሪ ችግር ያለበት እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ከሰሌዳው የተጻፈው የማይታየው ልጅ የጎረቤቱን ደብተር ለማየት ይንጠራራል፤ በደንብ የማይሰማው የተባለውን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ የራበው ይነጫነጫል፤ ሌሊት ሥራ ላይ ያደረ ወንበር ላይ ይተኛል። አራቱም በመምህሩ መዝገብ ላይ ረባሽ ወይም ሰነፍ ተብለው ሊሰፍሩ ይችላሉ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ መርሐ ግብር ሲዘረጋ የክፍል ውስጥ ትኩረት ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ተማሪ በተለይ ትኩረት ይሻል፤ የወላጅ ሞት፣ ፍቺ፣ ከቀዬ መፈናቀል፣ በጦርነት ወቅት ያየው ነገር ወይም የደረሰበት ጥቃት ከኋላው ሊኖር ይችላል።

አንድ ሥራ ላይ መቆየት የማይችሉ፣ ተራቸውን መጠበቅ የሚያቅታቸውና ዕረፍት የሌላቸው ሕፃናትም አሉ፤ ይህ በሕክምና የሚታወቅ የትኩረት ማነስ ችግር ሊሆን ይችላል። መምህር ሐኪም አይደለምና ስም ሊያወጣለት አይገባም፤ ያየውን ግን ቀን እየጠቀሰ መዝግቦ ለወላጅ፣ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ወይም የምክር አገልግሎት ሰጪ ካለም ለእርሱ ማስተላለፍ፣ ቤተሰቡም ወደ ጤና ተቋም እንዲወስደው መምከር ይችላል። እስከዚያው ፊት ወንበር ማስቀመጥና ሥራውን ከፋፍሎ መስጠት ይረዳል።

በክፍል ውስጥ የተያዘ ስልክ ምን ይደረጋል?

በደንቡ መሠረት ተቀብሎ፣ መዝግቦና በቁልፍ ቦታ አስቀምጦ በተወሰነው ጊዜ ለወላጅ መመለስ ነው። መስበር፣ መውረስ ወይም በውስጡ ያለውን መልእክትና ፎቶ መመልከት አይፈቀድም፤ ስልኩ ንብረት ነው፤ የሰው ግላዊ ሕይወትም በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጉዳዩን እንዴት መመርመር አለበት?

ቀላል ጥፋት በመምህሩና በክፍል ኃላፊው መምህር ያልቃል፤ የሚደጋገም ወይም ከበድ ያለው በዩኒት ሊደሩ (የተማሪዎችን ሥርዓት በሚከታተለው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ) በኩል ወደ ኮሚቴው ይመራል፤ ከባዱ ደግሞ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትንና የትምህርት ቤቱን ቦርድ እስከ መድረስ ይሄዳል። ዝርዝሩን የየክልሉ ትምህርት ቢሮ መመሪያና የትምህርት ቤቱ ደንብ ስለሚወስኑ ወላጅም መምህርም የደንቡን ቅጂ ጠይቆ ማንበብ አለበት።

ትክክለኛ አካሄድ የሚባለው ክሱ በጽሑፍ የቀረበበት፣ ተማሪው ወላጁ ባለበት የራሱን ቃል የሰጠበት፣ ምስክሮች የተሰሙበት፣ ከሳሹ መምህር በውሳኔው ላይ ድምፅ ያልሰጠበትና ውሳኔው ከነይግባኝ መንገዱ በጽሑፍ የተሰጠበት ነው። «ጥፋቱን አምኛለሁ» የሚል ወረቀት አስቀድሞ አዘጋጅቶ ልጅን ማስፈረም እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባውም። አንድ ሰው ያጠፋውን ጥፋት በሃምሳ ሰው ላይ የሚያካፍል የጅምላ ቅጣትም ከዚህ አካሄድ ጋር አይሄድም።

ተማሪን ማገድ ወይም ማባረር የሚገባው መቼ ነው?

እገዳ ሌሎችን ከአደጋ ለመጠበቅ ሲሆን ትርጉም አለው፦ ስለት ይዞ የመጣ፣ ሰው ያቆሰለ፣ በሴት ተማሪዎች ላይ ጾታዊ ጥቃት ያደረሰ ተማሪ ጉዳዩ እስኪመረመር ከግቢው መራቁ ተገቢ ነው። ለሌላው ጥፋት ግን እገዳ ብዙውን ጊዜ ሽልማት ይሆናል። ከትምህርት እየፎረፈ ያስቸገረን ልጅ ለሁለት ሳምንት ማገድ የፈለገውን መስጠት ነው፤ ሁለቱን ሳምንት የሚያሳልፈው በፑል ቤትና በጫት ቤት ሲሆን፣ ሲመለስ ደግሞ ትምህርቱ ስላመለጠው ለመረበሽ አዲስ ምክንያት ይዞ ይመጣል። ማገድ ግድ ከሆነም ጊዜው አጭር ይሁን፤ የሚሠራው ሥራ ይሰጠው፤ የሚመለስበትም ቀን ተቆርጦ ይነገረው።

ማባረር የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ በአንድ መምህር ወይም በርእሰ መምህሩ ብቻ ሊወሰንም አይገባም። በስውር የሚፈጸም ማባረርም አለ፦ ወላጁን ጠርቶ «ካርዱ ላይ እንዳናበላሽበት መሸኛ ይውሰዱ» ማለት። በወረቀት ላይ ዝውውር የሚመስለው ይህ ድርጊት ክርክርና ይግባኝ የሌለበት ቅጣት ከመሆኑም በላይ ችግሩን ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤት ያሻግራል እንጂ አይፈታውም። ወላጅ ሳይፈልግ መሸኛ የመቀበል ግዴታ የለበትም።

ፖሊስ የሚጠራው መቼ ነው?

መሣሪያ፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ጾታዊ ጥቃትና አደንዛዥ ዕፅ በኮሚቴ ሽምግልና የሚያልቁ አይደሉም። በተለይ ጾታዊ ጥቃትን በቤተሰቦች ዕርቅ ማፈን ተጎጂዋን ሁለተኛ መበደል ነው። ዕድሜ ግን ሁልጊዜ ግምት ውስጥ ይገባል፦ በወንጀል ሕጉ 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት በአዋቂ ቅጣት ሳይሆን ለወጣት አጥፊዎች በተለዩ እርምጃዎች ይዳኛሉ። ተራ ድብድብን ሁሉ ወደ ጣቢያ መላክ ስለዚህ ሕጉም አይደግፈውም።

መምህሩ ራሱ ቢዛትበት ወይም ቢመታስ?

መምህር በሥራ ቦታው ደኅንነቱ የመጠበቅ መብት አለው፤ «ልጅ ነው፣ ታገሠው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዛቻው በተሰማበት ቀን ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ማመልከት፣ ምስክር መያዝ፣ ከግቢ ውጭ ለሚመጣ ዛቻም ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ርእሰ መምህሩ ሪፖርቱን ተቀብሎ ዝም ካለ መምህሩ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ወደ መምህራን ማኅበሩ መሄድ ይችላል። መልሶ መማታት ግን ራስን ወይም ሌላውን ከአደጋ ለማውጣት ካልሆነ በቀር መምህሩን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል።

አንዱን ተማሪ ስንታገሥ የሌሎቹ መብት አይነካም?

ይነካል፤ ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደው ነው። በአንድ ተማሪ ምክንያት ትምህርታቸው የሚቋረጥባቸው ልጆች ድምፃቸው የማይሰማ ስለሆነ ብቻ የተበደሉ አይመስሉም። ትዕግሥት ማለት ጥፋቱን ማለፍ ከሆነ አንዱንም ሌሎቹንም መበደል ነው። ለእያንዳንዱ ጥፋት የታወቀ ውጤት እየተሰጠ፣ ልጁ ግን ከትምህርቱ ሳይቆረጥ የሚሄድበት መንገድ መፈለግ አለበት።

በተግባር ሲታይ፣ የተለመደው ሁሉ ካልሠራ ከልጁ ጋር የሚቀራረብ አንድ መምህር ይመረጥና በየጠዋቱ ከሰልፍ በኋላ ለአጭር ጊዜ ያነጋግረዋል፤ በየክፍለ ጊዜው የሚገባ መምህር የሚፈርምበት ትንሽ ወረቀት ይዞ ይውላል፤ ዓርብ ዓርብ ወረቀቱ ከወላጁ ጋር ይታያል። ረብሻው የሚበዛው በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ ከማን ጋር ሲቀመጥና ከምን ሥራ በፊት እንደሆነ ከዚሁ ወረቀት ይነበባል። በክበብ፣ በሚኒ ሚዲያ ወይም በስፖርት ኃላፊነት መስጠትም ከወረቀቱ ጎን ለጎን ይሞከር። ይህ እየተሠራ ሌሎቹን ማጥቃቱን ከቀጠለ ጉዳዩ እስከዚያ የተሠራውን ሁሉ ከሚያሳይ መዝገብ ጋር ወደ ኮሚቴው ይሄዳል፤ ኮሚቴውም ከዚያ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ሌላ ፈረቃ ማዛወርን ከማባረር በፊት ሊመለከተው ይገባል።